የአባባ ፊያት ፎቶ

መርሳ፣ ኅዳር 5 ቀን 1976 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሜ ሙሄዲን፤ የአሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

የአባባ አሮጌ ፊያት ትጠገን እንደሆነ ለመወሰን ፎቶዋን ላክልኝ ባልከው መሠረት ከወልድያ ፎቶ አንሺ አመጣሁ። ቀለሟ ተልጧል፤ በሯም ዝጓል። አባባ መሪዋን ይዘው ተቀምጠው ነበር።

«አባባ፣ ይውረዱ» አልኳቸው።

«ሙሄዲንን ከትምህርት ቤት ላመጣው ነው። አንቱ ደሞ ማነዎት?» አሉኝ።

ፎቶ አንሺው ሳቀ። አፈርኩና ክንዳቸውን ጎትቼ አወረድኳቸው። እሳቸው ልብሳቸውን አስተካክለው «ይቅርታ ጌታው፣ የሰው መኪና መሆኑን አላወቅኩም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ፊታቸውን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል።

ፎቶው ይኸው። መኪናዋስ ትጠገናለች፤ አንተ ግን ፈቃድ ጠይቀህ ቶሎ ና።

አባባ ሰላም ብለውሃል።

ወንድምህ ኢስሐቅ