«ከጎናቸው ነን» ብዬ ስለጻፍኩላቸው ስለ እትዬ ሳቢራ

ለተከበሩ የኑሮ ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ኮለምበስ፣ ኦሃዮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ የቢሮዎ ማሞቂያም እንደ ወትሮው በደንብ እንደሚሠራ ተስፋ አደርጋለሁ። ሰይፈሥላሴ እባላለሁ፤ ኒው አልባኒ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እጭናለሁ፣ በትርፍ ጊዜዬ ክሊቭላንድ አቬኑ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ያቋቋምነው እድር ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ኅዳር ስለ እትዬ ሳቢራ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ የጻፍኩልዎ እኔ ነኝ። ስላነበቡት አመሰግናለሁ። እንዲህ ቃል በቃል የሚያነብ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

ለማስታወስ ያህል፣ እትዬ ሳቢራ የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት ነበሩ። ለዓመታት የሆቴል ክፍል ሲያጸዱ ኖረው ወገባቸው አልታዘዝ ሲላቸው ሥራ አቆሙ፤ የቤት ኪራይ መክፈልም አቃታቸው። ለኪራይ እርዳታ ሲያመለክቱ መሥሪያ ቤትዎ ከሚያውቃቸው ሰው ምስክርነት እንዲያመጡ ጠየቃቸው። እኔም እንደ ወጋችን ጻፍኩ፦ ጨዋ መሆናቸውን፣ ሁላችንንም እንደ ልጅ ማየታቸውን፣ እኛም ምንጊዜም ከጎናቸው እንደምንቆምና አንዳች ነገር እንዲጎድልባቸው እንደማንፈቅድ። በእኛ ዘንድ ሰው የሚከበረው እንዲህ ተብሎ ነው። እርስዎም በሦስተኛው ሳምንት «አመልካቿ በቂ የማኅበረሰብ ድጋፍ ስላላቸው ጥያቄያቸውን አልተቀበልንም» ብለው መለሱላቸው።

እንግዲህ ቅሬታዬን በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፣ ሹፌርና የመጋዘን ሠራተኛ የበዛበት ሠላሳ አንድ አባል ያለው እድራችን ባለጸጋ መሆኑን ከእርስዎ በመስማታችን ደስ ብሎናል። የሁለት ወር ኪራያቸውን አዋጥተን ከፈልን፤ በሦስተኛው ባለጸግነታችን አለቀ።

ሁለተኛ፣ ልጄ ሰምሀል ለኮሌጅ ጥናቷ ያገኘችውን የዚህን አገር የድሮ መዝገብ ተርጉማልኝ ነበር። በዚያ ዘመን ገበሬው ከግብሩ ላይ ለድሆች የሚሆን ይከፍል ነበር፤ ከመካከላቸው የተመረጠ ሰው ደግሞ ቤት ለቤት እየዞረ ባሏ ለሞተባት ዱቄት፣ ለታመመው ማገዶ ያደርስ ነበር። ደጎች ነበሩ አልልም፤ እንግዳ ሲመጣ ሸክም ይሆንብናል ብለው ያባርሩም ነበር። ያም ሆኖ የሚያባርሩትን ሰው ደጃፉ ድረስ ሄደው ፊቱን ያዩ ነበር። ይህን ኋላ ቀር አሠራር በስልክ መጠበቂያ ሙዚቃ ስለተኩልን ምስጋናዬ ይድረስዎ። እትዬ ሳቢራ ሙዚቃውን በቃላቸው ይዘውት ነበር።

ሦስተኛ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከእያንዳንዱ ቼካቸው ላይ የከተማ ግብር ተቆርጦባቸዋል። አንድም ጊዜ ከተማው በቂ ድጋፍ አለው ተብሎ አልተመለሰላቸውም።

አራተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም። ጥር ላይ ቤታቸውን ለቀው ከአንዳችን ሶፋ ወደ ሌላችን ሶፋ ሲዞሩ ቆይተው እኔ ቤት መጡ። አልጋችንን ብንለቅላቸው እምቢ አሉ። አንድ ቀን ያ የምስክርነት ደብዳቤዬ ምን እንደሚል በአማርኛ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ እያፈርኩ አነበብኩላቸው። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል «ተው ልጄ፣ ለእኔ እንዲህ ተብሎ ተጽፎልኝ አያውቅም» አሉኝና እኔ ዘንድ የቀረውን ቅጂ ለምነው ወስደው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ሶፋችን ላይ እንደተኙ ሞቱ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። እኔ ግን ደብዳቤዬ ነው እላለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰው መልካም ነገር ልጽፍ ስል እጄ ይፈራል።

ውድ ጊዜዎን ስለሻማሁብዎ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ቃሌን እንደ ጥሬ ገንዘብ ስለቆጠሩልኝ ዕድሜ ልኬን የማልረሳዎት፣

ትሑት ግብር ከፋይዎ፣
ሰይፈሥላሴ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከቢሮዎ ለእትዬ ሳቢራ ደብዳቤ መጥቶ ነበር። ጉዳያቸው እንደገና እንዲታይላቸው በሚመጣው ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት በአካል እንዲቀርቡ፣ ካልቀረቡ ግን እርዳታውን እንደማይፈልጉት እንደሚቆጠር ይገልጻል። ይፈልጉት ነበር፣ ክቡር ሆይ።