የአባባ መነጽር

አቃቂ በሰቃ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማትጽፍልን ወንድሜ፣

ጤናህስ? ያ ድሬዳዋ የጀመረህ የወገብ ሕመም ተሻለህ? እኔ ያው ቂሊንጦ ልብስ ስፌት ፋብሪካው እመላለሳለሁ፤ አባባም ከዓይኑ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው። ስሙን ሳነሳ ስልኩን ስለምትዘጋብኝ በወረቀት መጣሁብህ። መቆጣትህ አይቀርም፣ ግን እባክህ መጨረሻውን ሳታይ እንዳትቀደው።

ባለሱቋን ሰዓዳን ታውቃት የለ? ወንድሟ ታጁ ከዱባይ ሲመጣ ለአባባ መነጽር ይዞለት መጣ። የሚያወራ መነጽር ነው ብልህ ትስቃለህ፤ እኔም ስቄ ነበር። አባባ አደረገውና «ፊት ለፊቴ ማን አለ?» አለው። መነጽሩ ጥርት ባለ አማርኛ «አረንጓዴ ሻርፕ ያደረገች ሴት ቆማለች፤ ፈገግ ብላለች፣ ግን የደከማት ትመስላለች» አይለው መሰለህ! ስድስት ዓመት ፊቴን ያላየ ሰው እጁን ዘርግቶ ጉንጬን ዳሰሰና «ደክሞሻል እንዴ?» አለኝ። አለቀስኩ። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ያነብለታል፣ የብር ኖት ይለይለታል። ታጁ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው ይላል። እኔ ግን ሰው ሠራው የሚለው እስካሁን አልዋጥልኝ ብሏል።

ፍርሃቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀት ያነባላ! ስማኝ ወንድሜ። ለእማማ ቀብር ባለመድረስህ አባባ «ደጄን እንዳትረግጥ» ብሎህ፣ አንተም ተቀይመህ ከሄድክ ወዲህ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤህን ሳነብለት ኖሬያለሁ። ያልጻፍከውን። የውሃ ቢል፣ የፈረቃ ማስታወቂያ፣ እጄ የገባውን ሁሉ ፖስታ ውስጥ እከትና «ደብዳቤ መጣ» ብዬ ከልቤ እያወጣሁ አነብለታለሁ። እሱም ወረቀቱን ተቀብሎ በጣቱ እየዳሰሰ «የልጄ ወረቀት ሁልጊዜ ቀጭን ነው» ይላል። አርባ ዓመት ባቡር ሲጠግን የኖረ ጣት መሆኑን ታውቃለህ። ሁሉንም በዚያ በድሮው የሥራ ቦርሳው ያስቀምጣቸዋል። ልደብቀው አስቤ ነበር፤ ግን ተንተርሶት ነው የሚተኛው።

ትናንት እሁድ ከገበያ ስመለስ መነጽሩን አድርጎ፣ ቦርሳውን ከፍቶ ተቀምጧል። በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። መነጽሩ «የውሃ ፍጆታ ደረሰኝ ነው» አለ። አባባ አጠፈና ፖስታው ውስጥ መለሰው። «የሠራተኞች የፈረቃ ሰሌዳ ነው» አለ። እሱንም መለሰው። አንድም ሳይቀር፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳይጨማደዱ እየተጠነቀቀ። ኮቴዬን ሲሰማ መነጽሩን አወለቀና «ይኼ ነገር ለመድኃኒት እንጂ ለደብዳቤ አይሆንም። ነይ አንቺው አንብቢልኝ» አለኝ።

የውሃ ቢሉን ይዤ ጀመርኩ። መሃል ላይ ሲጠፋኝ ቀሪውን እሱ በቃሉ ጨረሰልኝ። በመነጽሩ ስገረም የከረምኩት ሴትዮ አባቴን እያየሁ አፌን ይዤ ቀረሁ።

ከዚያ እስክሪብቶ አምጪ አለ። መነጽሩን መልሶ አድርጎ፣ «መስመሩ ተጣመመ?» እያለ እየጠየቀው፣ አንድ ገጽ በገዛ እጁ ጻፈ። አጥፎ ሲሰጠኝ «ይኼን እንዳታነቢው፤ የሱ ነው» አለኝ። አላነበብኩትም። ከዚሁ ጋር አድርጌልሃለሁ።

እመቤቴ ከክፉ ሁሉ ትሰውርህ፣ መንገድህንም ታቅናልህ። መልሱን በራስህ እጅ፣ በደማቅ ቀለም ጻፈው። ከእንግዲህ የሚያነበው እሱ ራሱ ነው።

እስከ ዛሬ አንተን ሆና የኖረችው
ታላቅ እህትህ