ከጓሮዬ ጥግ የተዘጋው መንገድ

ሰኞ፣ ሐምሌ 7፤ ጠዋት 3 ሰዓት

ቃለ ጉባኤ እየገለበጥኩ ነው። ሁለት ገጽ። ጣቴ በብርድ ደንዝዟል። ዝናቡ ከትናንት ወዲህ አላባራም። የከተማችን የቆሰበር ሐምሌ እንደሁ ፀሐይ አያውቅም።

ደብተሬ፣ ለአንቺ ልንገርሽ። ትናንት የቤት ማኅበራችን የታችኛውን መንገድ ለመዝጋት ወሰነ። 24ቱም ቤት ተገኝቷል። አጀንዳው አንድ፦ ሌብነት። ባለፈው ወር የሊቀመንበራችን የአቶ ደሳለኝ ቤት በጠራራ ፀሐይ ተዘርፏል። ባለቤታቸውን አፏን አፍነው፣ እጇን በመጋረጃ ገመድ አስረው ነው የሄዱት። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ቤት አትውልም። ሌቦቹ የመጡት በታችኛው መንገድ ነው ተባለ። ስለዚህ መንገዱ በግንብ ይዘጋ፤ በላይ በአስፋልቱ በኩል አንድ የብረት በር ብቻ ይኑር፤ ዘበኛ ይቀመጥበት።

እጅ ይውጣ ተባለ። አወጣሁ። ሁሉም አውጥቶ እኔ ምን ልሁን? «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። መምህርት ናት፣ ጽሕፈቷ ያምራል ብለው ከመረጡኝ አራት ዓመቴ።

የታችኛው መንገድ የሚያልፈው በእኔ አጥር ጥግ ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

ግንበኞች መጡ። ድንጋዩ ከጓሮዬ ጥግ ተራግፏል፤ ከማድ ቤቱ መስኮት ይታየኛል። እማማ ጥሩዬም በዚያው ሰዓት ፈረሳቸውን እየሳቡ ደረሱ። ሁለት ጆንያ ድንች ጭነዋል።

የእማማን ነገር ጽፌልሽ አላውቅም። ሰፈራችን የቆመው በእሳቸው የገብስ ማሳ ላይ ነው። መሬቱ ወደ ከተማ ሲካለል ካሳ ተሰጥቷቸው ለቀቁ። የቀራቸው አንድ ጎጆ፣ ትንሽ የድንች ማሳና የቀርከሃ ጓሯቸው ነው። ከኋላቸው ወንዙ፣ ከፊታቸው እኛ። ቤት ስንሠራ የጭቃውን ውኃ ከምንጫቸው ያስቀዱን እሳቸው ናቸው። አማርኛቸው ከአገውኛ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል፤ ሲቆጡ ጭራሽ አገውኛ ብቻ ይሆንና ግማሹ ያመልጠኛል።

ድንጋዩን አዩ፣ እኔን አዩ። ምን ሊሠራ ነው አሉኝ። ግንብ ነው አልኩ። ማን አዘዘ አሉ። ማኅበሩ አልኩ። ማኅበሩ ስል እኔ የሌለሁበት፣ ከሰማይ የወረደ ነገር አስመስዬ ነው የተናገርኩት። ሌላ አልጠየቁኝም። ፈረሱን ቸብ አድርገው አለፉ።

ምሳ አልበላልኝ አለ።

እሑድ፣ ሐምሌ 13፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ

ኔትወርክ መጥቶ ጌታሁን ደወለ። ባሌ ባሕር ዳር ነው የሚሠራው፤ በወር አንዴ ይመጣል፣ ሁለት ቀን ያድራል፣ ይሄዳል። ወደዚያ ተዛውሬ አብረን እንድንኖር ያሰብነው ገና ቤቱ ሳይጠናቀቅ ነበር። ግን ቤቱ ካልተሸጠ መሄጃ የለንም፤ ቤቱ ደግሞ ካርታ የለውም። ካርታው የጋራ ነው፣ በማኅበሩ ስም። አሁን ለየግል ሊወጣ ነው። ስም ዝርዝሩን የሚያስገቡት አቶ ደሳለኝ ናቸው።

የግንቡን ነገር አነሳሁበት። ዝም በይ አለኝ። እስከ መስከረም ብቻ አፍሽን ያዢ፤ ካርታው እጃችን ይግባ፤ ከዚያ ግንቡም እነሱም ገደል ይግቡ፤ እኛ እንደሆንን የለንም።

ልክ ነው። ሁልጊዜ ልክ ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ግንቡ አለቀ። ከእኔ ቁመት ክንድ ያህል ይበልጣል፤ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሎበታል። ማድ ቤቴ ጨለመ። ድሮ ስድስትና ሰባት ሰዓት ላይ የምትገባ ትንሽ ብርሃን ነበረች፤ እሷም ቀረች።

ውሳኔው ተባዝቶ በግንቡ በሁለቱም ወገን ተለጠፈ። በላስቲክ ተሸፍኗል፣ ዝናብ እንዳይነካው። ጽሕፈቱ የእኔ። ከታች ፊርማ፦ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ።

የላይኛው በር ማታ 12 ሰዓት ይዘጋል። እንግዳ ይመዘገባል። እህቴ ዛሬ ከዳንግላ መጥታ ነበር፤ ስሟ የለም ብሎ ዘበኛው አቆማት። ስልክ አይሠራ። ግማሽ ሰዓት ዝናብ ላይ ቆማ፣ ያመጣችልኝን ማር ለዘበኛው ሰጥታ፣ በሚኒባስ ተመለሰች። ማሩ ሲደርሰኝ ነው የሰማሁት። የገዛ ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ እንደ እስረኛ ስንቅ ተቀበልኩ።

የእንግዳ መመዝገቢያ ቅጹን ያዘጋጀሁትም እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

እማማ ጥሩዬ ጋ ሄጄ መጣሁ። ቀድሞ አጥሬን ዞሬ የምደርስበት ቤት ነው። ዛሬ በላይኛው በር ወጥቼ፣ አስፋልቱን ይዤ፣ የግንድ ድልድዩን ተሻግሬ፣ በባሕር ዛፉ መሐል ወርጄ፣ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሁለቴ ወደቅሁ። ወንዙ ከግንዱ ሥር አንድ ስንዝር ቀርቶታል።

ገበያ ከወጡ ሁለተኛ ሳምንታቸው። ፈረሱ ግንድ ላይ አይሄድም። ድንቹ ጥግ ላይ ተከምሮ ማጎንቆል ጀምሯል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እሳቸውም ግንዱን አይደፍሩትም።

ልጃቸው ያልጋነሽ ለመውለድ እናቷ ቤት ገብታለች። የመጀመሪያዋ ነው። ስምንት ወር አልፏታል። እግሯ አብጧል። ቀኑ ሲደርስ እንዴት ልትወጡ ነው ብዬ ጠየቅሁ። እማማ እግዜር ያውቃል አሉ። ያልጋነሽ ግን ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

ዝናብ። ጭጋግ። ግንብ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24፤ ከስብሰባ መልስ

የኮሚቴ ስብሰባ። አምስት ሰው። በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር አነሳሁት። ግንቡ ላይ ትንሽ በር ይበጅለት፣ ቁልፉን እኔ ልያዝ፣ ከወዲያ አሮጊትና ነፍሰ ጡር አሉ አልኩ።

አቶ ደሳለኝ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን እወቂልኝ። ፊታቸው ከስቷል። ባለቤታቸው ውሻ በጮኸ ቁጥር አልጋ ሥር እንደምትገባ ነገሩን። አንድ በር ከተከፈተ ሁሉም ተከፈተ ማለት ነው አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፦

«ወይዘሮ ብርቱካን፣ ‹በሙሉ ድምፅ› ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት። ካልተስማሙ ያን ቀን እጅዎን ለምን አወጡ?»

የካርታው ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ስሜ ዘጠነኛ ላይ ነው። ሁላችንም ዝርዝሩን አየነው። ማንም ስለ እሱ አላነሳም።

«ሐሳቡ ተቀባይነት አላገኘም» ብዬ ጻፍኩ። በጥሩ ጽሕፈት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 29፤ ከቀኑ 11 ሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

4 ሰዓት ገደማ። ልብስ እያሰጣሁ በረንዳ ላይ ነበርኩ። ከግንቡ ወዲያ ስሜ ተጠራ። እማማ ጥሩዬ ናቸው። ምጡ ከትናንት ማታ ጀምሯል፤ ልጁ አልወርድ ብሏል። ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ይዘዋት ወጥተው ነበር፤ የግንድ ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል። ስለዚህ ወደ ቀድሞው መንገድ ተመለሱ። አራት ወንድ ቃሬዛ ተሸክሞ ግንብ ሥር ቆሟል። በግንቡ አናት እናሳልፋት እንዳይባል ጠርሙስ አለ።

ወደ አቶ ደሳለኝ ሮጥኩ። የሉም፤ ማዘጋጃ ቤት ሄደዋል። ለካርታው። ግንቡ የሚፈርስ ነገር አይደለም። ተመለስኩ። ያልጋነሽ አትጮኽም፤ ታቃስታለች፤ እሱ ነው የባሰው።

ያን ጊዜ የራሴን አጥር አየሁት። ቆርቆሮ ነው። ግንቡ የሚያልቀው የእኔ አጥር የሚጀምርበት ላይ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ አይቼዋለሁ፣ አንድም ቀን አላሰብኩትም። የጌታሁንን መዶሻና ጉጠት አወጣሁ። ምስማሩ ዝጓል። እኔ ከውስጥ ስነቅል እነሱ ከውጭ ገፉ። ሁለት ቆርቆሮ ወደቀ። መዳፌ ተቀደደ፣ አልታወቀኝም።

ቃሬዛው በጎመን መደቤ ላይ አለፈ፣ በበረንዳዬ፣ በፊት በሬ፣ በሰፈሩ መሐል። ሰው በየመስኮቱ። ዘበኛው ቃሬዛውን ሲያይ መዝገቡን ጥሎ በሩን በረገደ። ባጃጅ ተገኘ። እማማ አብረው ሊገቡ ሲሉ ጉልበታቸው እምቢ አለ፤ እኔ ደግፌ አስገባኋቸው፣ አብሬም ሄድኩ።

8 ሰዓት ላይ በቀዶ ሕክምና ወለደች። ሴት ልጅ። በሕይወት አለች። ያልጋነሽ ብዙ ደም ፈሷታል፤ ገና አልነቃችም። ሐኪሟ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አለችና አልጨረሰችውም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 30፤ ጠዋት

ሆስፒታል ነበርኩ። ያልጋነሽ ነቅታለች። ውኃ ጠይቃለች።

ኮሪደሩ ላይ ከእማማ ጋር ተቀመጥን። ሕፃኗን ታቅፈዋል። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም፤ እማማ፣ ያን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። እጄንም አውጥቻለሁ አልኳቸው።

የሕፃኗን መጠቅለያ አስተካከሉ።

«አውቄያለሁ» አሉ። «የተለጠፈ ዕለት ያልጋነሽ አንብባልኛለች። ስምሽ ላይ ስትደርስ ደግማ አነበበችው።»

ያን ሁሉ ቀን ያውቁ ነበር። ድንቹን ሲያሳዩኝም። ትናንት ሲጠሩኝም። ለምን እኔን ጠሩ አልኳቸው።

«ታዲያ ማንን ልጥራ? ከግንቡ አጠገብ ያለሽው አንቺ ነሽ።»

ይቅር አላሉኝም። አልተቆጡኝምም። ሕፃኗን አቀበሉኝና ቁርስ ሊገዙ ወረዱ።

ያው ቀን፤ 9 ሰዓት

ደብዳቤ ደረሰኝ። ማኅተም አለው። የተነቀለው አጥር በሦስት ቀን ውስጥ ወደነበረበት እንዲመለስ፤ ካልሆነ የማኅበሩን ውሳኔ እንደጣሰች አባል ተቆጥራ ከካርታ ተጠቃሚዎች ዝርዝር ስሟ እንዲሰረዝ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል። ጽሕፈቱ የሌላ ሰው ነው። ያስጠላል።

አቶ ደሳለኝ ራሳቸው ነው ያመጡት። በር ላይ ቆመው እናትየው እንዴት ናት ብለው ጠየቁ። ተርፋለች አልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ፤ ከልባቸው ነው። ከዚያ ቆርቆሮውን ዛሬ ቢመቱት ደብዳቤውን ቀድጄ እጥለዋለሁ አሉ። ባለቤታቸው ከኋላቸው ቆማለች፤ በትከሻቸው ላይ አሻግራ ወደ ክፍቱ አጥር ታያለች። ፈርታለች። እሷንም አየኋት። የእሷም ፍርሃት እውነት ነው።

ነገ እነግርዎታለሁ አልኩ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1፤ ጠዋት 2 ሰዓት

ፍልሰታ ገባ።

ሌሊቱን ተኝቻለሁ። ገርሞኛል። ጠዋት ስነሳ የማድ ቤቴ ወለል ላይ በተከፈተው አጥር የገባ ብርሃን አገኘሁ። ማሳው እርጥብ ነው። የእማማ ፈረስ ብቻውን ይግጣል።

ጌታሁን ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ቆርቆሮውን ምቺው አለ። አልመታውም አልኩ። አራት ዓመት የጠበቅነውን ነው የምትጥዪው አለ። አዎ አልኩ። ስልኩ ተቋረጠ፤ ኔትወርክ ይሁን እሱ አላወቅሁም። መልሼ አልደወልኩም።

ወሰንኩ። ከጸሐፊነት ለቅቄያለሁ፤ ደብዳቤው ተጽፏል። ቆርቆሮው አይመለስም። በቦታው በር ይገባል፣ የእንጨት፣ ፈረስ የሚያሳልፍ ስፋት ያለው። ቀን ቀን ክፍት ነው። ማታ እዘጋዋለሁ፤ ለአቶ ደሳለኝ ባለቤትም ቁልፉን በእጇ እሰጣታለሁ፣ ራሷ መጥታ መዘጋቱን ትመልከት። ስሜን ከሰረዙ ይሰርዙ። እዚሁ እቀመጣለሁ ማለት ነው። ምናልባትም ብቻዬን።

አናጢው መጣ። ጓሮ ገብቶ እየለካ ነው። በሩ ወደ ማሳው ነው ወደ ቤት የሚከፈተው እያለ ይጠራኛል፤ ሄጄ ላሳየው።