በአጥንትሽ የለመኑኝ ቀን

እማዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ሞላ። ባለፈው እሑድ ሙት ዓመትሽን አሰብን። እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ እዚያ ያለ ሰው እንዴት እንደሚሰነብት የሚነግረኝ አላገኘሁም። ስለ እኔ ግን ብዙ የምነግርሽ አለኝ። በሕይወት እያለሽ ነገሬን እስከ መጨረሻው ሰምተሽኝ አታውቂም፤ መሃል ላይ "ወጥ ጥጄ ነበር" ብለሽ ትነሺ ነበር። ዛሬ የጣድሽው ወጥ የለምና ትሰሚኛለሽ።

ሙት አይወቀስም ይባላል። አውቃለሁ። ስለ አባዬ ክፉ ቃል ሊያመልጠኝ ሲል አፌን በመዳፍሽ ትከድኚው የነበርሽው አንቺ ነሽ። እንግዲህ ሙት ወቃሽ ሆኜልሻለሁ፣ ምን ታደርጊኛለሽ?

የቤቱን ላስቀድም። እኔና ሶልያና አሁንም የካ አባዶ፣ ባንቺ ኮንዶሚኒየም ነን። ውሃ እንደ ድሮው በፈረቃ ነው፤ በርሜሎችሽ ከበረንዳው አልተነሱም። ከመስኮቱ ላይ ቆመሽ "ይሄን የመሰለ መሬት" እያልሽ የምታዝኚለት ማሳ ላይ ፎቅ ወጥቶበታል፤ አቧራው መጋረጃሽን አመድ አስመስሎታል። ሶልያና የፊት ጥርሷ ወልቆ በቅሏል፣ ስትስቅ አንቺን ቁርጥ ናት። እኔ ቦሌ ለሚ ስፌት ፋብሪካ ገብቻለሁ፣ የሸሚዝ ጥራት ነው የማየው። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ብርዱ ይገርፈኛል፣ ማታ እግሬ አብጦ እገባለሁ። ግን እተኛለሁ እማዬ። ቦሌ በባሌ ትልቅ ቪላ ውስጥ እንቅልፍ አልነበረኝም።

የባሌን ስም እዚህ አልጽፈውም፣ "የሶልያና አባት" ይበቃዋል። አንቺ "ልጄ" ነበር የምትይው። ወንድሜን ብሩክን፣ አምጠሽ የወለድሽውን፣ እንዲያ አቆላምጠሽ ጠርተሽው አታውቂም። ሲመጣ ከወንበርሽ ትነሺለት ነበር። ሽቶው፣ መኪናው፣ ለደብሩ የሚሰጠው መባ፣ ሁሉም ደስ ይልሽ ነበር። "እንዲህ ያለ ጨዋ" ትይ ነበር። ጨዋነቱ እስከ ግቢው በር ነበር።

ያን ምሽት ታስታውሻለሽ? እኛ ዘንድ መጥተሽ ሶልያናን ታጫውቺያት ነበር። መኪናው በር ላይ ደርሶ ክላክስ አደረገ፣ ዘበኛው ሊከፍት ሮጠ። የያዝኩት ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ። እጄ ብቻ ሳይሆን ጉልበቴም፣ አገጬም ይንቀጠቀጥ ነበር። አንቺ አየሽኝ። ፊቴን፣ ከዚያ እጄን፣ ከዚያ በሩን አየሽ። ያኔ ልቤ ምን አለ መሰለሽ? "ተመስገን፣ አየችልኝ" አለ። አንቺ ግን አማተብሽና "ዓይነ ጥላ ነው" አልሽ። ትዳሬን ሊያፈርስ፣ ባሌን ሊያስጠላኝ የመጣ መንፈስ ነው አልሽ። እሱም ገብቶ ሲሰማ አንገቱን ነቀነቀ፣ ልቡ የተሰበረ ባል መሰለ።

ጠበል የወሰድሽኝ በዚያው ሳምንት ነው። መኪናውን የነዳው እሱ ነው። በጠበል እኔ አምናለሁ፣ አንቺው ነሽ ያሳመንሽኝ፤ ቅሬታዬ ከውሃው አይደለም። ሁለት እጄን ግራና ቀኝ እንድትይዙኝ ተባለ። በግራ አንቺ፣ በቀኝ እሱ። ጣቶቹ ከጥቂት ቀን በፊት ያበለዛት ቦታ ላይ አረፉ፣ አወቀና ጠበቅ አደረገ። ጮህኩ። እንዴት አልጮህም? ሕዝቡ መንፈሱ ጮኸ ብሎ እልል አለ። አንቺም እልል አልሽ እማዬ፣ በደስታ እያለቀስሽ። ጆሮዬ ሥር ነበርሽ።

ከዚያ ወዲህ መታገሌን ተውኩ። የመታኝ ቀን አፌን ብከፍት "ጋኔንሽ ተነሳብሽ" ይለኛል፣ ስልኩን አንስቶ ላንቺ ይደውላል፣ አንቺም በስልክ ታጽናኚዋለሽ። እሱን! ልብሴን ጠቅልዬ ወደ አንቺ ስመጣ ሻይ አጠጥተሽ፣ አልቅሰሽ፣ ፀጉሬን አበጥረሽ ትመልሺኝ ነበር። "ትዳር ማለት መቻል ነው፣ ገመናሽን ክደኚ።" ከደንኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝና ያተረፈኝ ሕመምሽ ነው። ላስታምምሽ ልጄን ይዤ መጣሁ፣ አስታምሜ ቀበርኩሽ፣ እዚሁ ቀረሁ። ባትታመሚ ኖሮ አንቺው ትቀብሪኝ ነበር።

ክፉ ብቻ እንዳላወራብሽ። ልጆች ሆነን እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔንና ብሩክን ቦሌ አጥሩ ሥር ወስደሽ አውሮፕላን ሲያርፍ ታሳዪን ነበር። ነጠላሽን አንጥፈሽ ታስቀምጪናለሽ፣ በወረቀት የጠቀለልሽውን ፓስቲ ታካፍዪናለሽ። አውሮፕላኑ ከአናታችን በላይ ሲያልፍ ፈርቼ ቀሚስሽ ውስጥ ስገባ ጆሮዬን በሁለት እጅሽ ትሸፍኚልኝ ነበር። ያች ሴት እንዴት አድርጋ ያችኛዋን ሴት እንደሆነች ማወቅ ፈልጌ ነው ዓመቱን ሙሉ ስብሰለሰል የከረምኩት።

ካረፍሽ በኋላ መንቀጥቀጡ አልለቀቀኝም። ፋብሪካ ውስጥ የጭነት መኪና ጡሩምባ ሲነፋ መቀሱ ከእጄ ይወድቃል። አብራኝ የምትሠራ ልጅ አይታ፣ አባዶ ካለው ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ጀርባ የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ክፍል እንዳለ ነገረችኝ። አልሄድም አልኩ። የቤተ ክርስቲያን ምክር ምን እንደሚል በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ታገሺ፣ ጸልዪ፣ ተመለሺ። የሄድኩት ሶልያና አስገድዳኝ ነው። አንድ ቀን ታች ሰፈሩ ውስጥ መኪና ክላክስ ሲያደርግ አልጋ ሥር ገብታ አገኘኋት። ልጄ ከእኔ ወርሳዋለች።

ወይዘሮ ሰብለ ይባላሉ አማካሪዋ። የደብሩ ልጅ ናቸው፣ ሙያውንም ተምረውታል። አቡነ ዘበሰማያት አድርሰን ተቀመጥን። ስለ ጠበሉ ስነግራቸው "እሰይ" ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና አንዲት ነገር ጠየቁኝ፤ በቀኝ በኩል እጄን የያዘኝ ማን እንደነበር። ነገርኳቸው። ጠያቂ የጠፋለት ጥያቄ ያ ነበር እማዬ። ያጠመቁኝ ካህን አልጠየቁኝም፣ እልል ያለው ሕዝብ አልጠየቀኝም፣ አንቺ ደግሞ መልሱን ስለምታውቂው አልጠየቅሽኝም።

ፍርሃቱ የሰውነቴ እንጂ የመንፈስ እንዳልሆነ በቀስታ አስረዱኝ። እግዚአብሔር ለሥጋ ፍርሃት የሰጠው ለጠባቂነት ነው አሉ፤ የእኔ ጠባቂ ጠላቱ ከሄደም በኋላ ከበሩ አልነሳም ብሎ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ እሄዳለሁ። ሶልያናንም ያጫውቷታል፣ ሥዕል ያስስሏታል። የደብሩ ቄስም አንድ ቀን ገብተው፣ ንስሐ የሚገባው የመታ እንጂ የተመታ አይደለም አሉኝ። ይቅርታ የልቤ ጉዳይ እንደሆነ፣ አብሮ መኖር ግን ሌላ ነገር እንደሆነ ነገሩኝ። ስምንት ዓመት ክርስቲያን ባል ይዤ ይህን የሚነግረኝ ካህን አጥቼ መኖሬ አቃጠለኝ። ቄሱን አመስግኜ ወጥቼ ግንቡ ሥር ቆሜ ተሳደብኩ። ማንን እንደሰደብኩ አትጠይቂኝ።

ኋላ ወይዘሮ ሰብለ፣ ስችል ብቻ፣ ወደዚያው ጠበል እንድመለስ ጠየቁኝ። ማንም ሳይዘኝ። ጠዋት ሄድን፣ እሳቸው ራቅ ብለው ቆሙ። በሁለት እግሬ ቆሜ ተጠመቅኩ። ውሃው ቀዘቀዘኝ፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም። አልጮህኩም። እልል ያለም የለም።

እንግዲህ ወደ ሙት ዓመትሽ ልምጣ። ጸሎቱ ደርሶ፣ ለለቅሶም ለድግስም የሚያገለግለው ኮሚናል ውስጥ ሰዉ ተቀምጦ እየበላ፣ እድርተኛው እያስተናገደ፣ ብሩክ ሽማግሌዎች አስነሳ። ለካ ሁሉንም ያዘጋጀው ልጅሽ ነው። የሶልያና አባት ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቆ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ማን እንዳስገባው ገባኝ። አንደኛው ሽማግሌ ቆመው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ "በእናትሽ አጥንት ይዘንሻል፣ ልጅሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ተመለሺ" አሉ። ሌላኛው ቀጠሉ፤ "እንቢ ካልሽ የእናትሽ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋሽ።"

እንዲህ ተብሎ እንቢ ያለ ሰው በዘራችን አላውቅም። መንቀጥቀጡ መጣ። ድሮ ቢሆን እጄን ነጠላዬ ውስጥ እደብቀው ነበር። አወጣሁት። ሁሉም እንዲያየው ወደ ላይ ያዝኩት። "ይሄ ዓይነ ጥላ አይደለም" አልኩ፣ "ይሄ እሱ ነው።" ወደ ጥጉ ጠቆምኩ። ከዚያ "የእናቴን አጥንት ተዉት ይረፍ፣ ልጄን ይዤ አልሄድም" አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ነበር ግን ተሰማ። ሰዉ ጉርሻው በእጁ ላይ ቀረ። እሱ ተነስቶ ወጣ። ብሩክ "የእማዬን ድግስ አረከስሽ" ብሎኝ እስከ ዛሬ አላናገረኝም። ሽማግሌዎቹም ሳይመርቁ ሄዱ።

ነገሩ በዚያ ቢያልቅ ይህን ሁሉ አልጽፍልሽም ነበር። ሰው ከተበተነ በኋላ ከታናሽ እህትሽ ከዘነበች ጋር ሳህን እያጠብን ነው የነገረችኝ። አንቺም ሸሽተሽ ነበር። እኔን አርግዘሽ፣ ጥርስሽ ተሰብሮ፣ ከአባዬ ሸሽተሽ ደብረ ሲና አባትሽ ቤት ገብተሽ ነበር። አያቴ አሳድሮ በማግስቱ አውቶብስ አሳፍሮ መለሰሽ። በመስኮቱ "አባቴ፣ አትመልሰኝ" እያልሽ ጮኸሽ ነበር አለችኝ። ያን የወርቅ ጥርስሽን ለውበት ያስገባሽው ነበር የሚመስለኝ።

እማዬ፣ እኔ እኮ ለወራት ሐሙስ ሐሙስ ጠበቃሽ ነበርኩ። ወይዘሮ ሰብለ ስለ አንቺ ሲጠይቁኝ "ሳታውቅ ነው፣ ደግ እናት ናት፣ ባታውቅ ነው" እላለሁ። በዚያች ቃል ነበር ይቅር ልልሽ የተጠጋሁት። አሁን ቃሏን ወሰድሽብኝ። ታውቂው ነበር። ከማንም በላይ ታውቂው ነበር፣ ሻይ አጠጥተሽ መለስሽኝ።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ መቃብርሽ ላይ አልዋሽም። ለዚያች በአውቶብስ መስኮት ለጮኸች ነፍሰ ጡር ልጅ ግን አለቅሳለሁ፤ ብደርስላት እጇን ይዤ አወርዳት ነበር። በቅዳሴ የክርስትና ስምሽን አስጠራለሁ፣ በየዓመቱ ዝክርሽን አልተውም፣ የመቃብርሽን ሣር አጸዳለሁ።

ሶልያና ታድጋለች። ታገባ ይሆናል። አንድ ቀን እሷም ልጇን አዝላ፣ ጥርሷን በነጠላ ሸፍና በሬ ላይ ብትቆም፣ ምን እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ፤ የሰው አፍ፣ የሽማግሌ ዱላ፣ "ትዳር ማለት መቻል ነው" የሚለው ቃል በራሴ ምላስ ላይ። እኔም ያንቺ ልጅ ነኝ። ስለዚህ አልረሳሽም እማዬ። ከረሳሁሽ እመልሳታለሁ።

ልጅሽ፣
ሂሩት