እንዲኮላሽ ስለተፈረደበት ዳለቻ ኮርማ

ለእንስሳት ዘረመል ምርምር ማዕከል
ለክቡር ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለማዕከሉ ማቀዝቀዣዎችና በውስጣቸው ለሚኖሩት ብልቃጦች ሁሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ፣ አማቴ፣ አምስቱ ላሞቻችንና አመድ መሳዩ ዳለቻ ኮርማችን ደኅና ነን። ኮርማችን እስከ መጪው ረቡዕ ድረስ ደኅና እንደሚሆን ማዕከልዎ በማኅተም አረጋግጦልናል፤ ከዚያ በኋላ ላለው ግን ኃላፊነት አልወሰደም።

ከሥራ ብዛት ዘንግተውት እንደሆነ፣ ባለፈው ሰኞ በፊርማዎ የደረሰን ደብዳቤ የሚለው እንዲህ ነው፦ «ኮርማ ቁጥር 17 በደም ምርመራ ከተመዘገበችው እናቱ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ሆኖ ስለተገኘ፣ የአካባቢውን ዝርያ ንጽሕና ለመጠበቅ ሲባል ረቡዕ ጠዋት በባለሙያዎቻችን እንዲኮላሽ ተወስኗል።» እኔ ላም አልቤ ወተት የማከፋፍል ሴት ነኝና ብዙ ደብዳቤ አይደርሰኝም። አንዱን ፍጡር ከእናቱም ከልጆቹም በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚለያይ ደብዳቤ ግን ሳነብ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ጊዜዎ ውድ ስለሆነ ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ። የማዕከልዎ ሰዎች ቁጥር ያልተለጠፈበት ነገር እንደማይታያቸው ከላሞቻችን ጆሮ ተምሬአለሁ።

1ኛ. ስለ አማቴ። አማቴ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። የዚህን ኮርማ እናት፣ የእናቱን እናት እያሉ እስከ ሰባት ትውልድ በቃላቸው ይቆጥራሉ፤ የትኛዋ በየትኛው ድርቅ ሳትነጥፍ እንደቆየች፣ የትኛዋ አላቢ እንደምትመርጥ፣ የትኛዋ መንታ እንደወለደች ይነግሩዎታል። ባለፈው ዓመት ተመራማሪዎችዎ ግቢያችን ውስጥ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው ይህን ሁሉ በስልክ ቀርጸው ወሰዱ። እጅግ እናመሰግናለን። ዛሬ በማዕከሉ መግቢያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሰባቱ ትውልድ እንደ ዛፍ ተስለው፣ ከሥራቸው የሰባት ተመራማሪዎች ስም ሰፍሮ አይቻለሁ፤ ለእያንዳንዷ ላም አንድ አንድ ሊቅ ደርሷታል። የአማቴን ስም ፈልጌ ፈልጌ ያገኘኋቸው «ከአካባቢው አርቢዎች በተገኘ መረጃ» በሚለው ውስጥ ነው፤ እርሳቸው ብቻቸውን ብዙ ሰው ሆነዋል።

አሁን ደግሞ ያው ማዕከል፣ ያንኑ ዛፍ ከግድግዳው ሳያወርድ፣ በዚሁ በሰኞው ደብዳቤ «የአርቢዋ የቃል መረጃ የተሳሳተ ነው» ብሎ ጽፎልናል። ደብዳቤውን ለአማቴ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ ምነው አፌን በቆረጠው እላለሁ። በማግስቱ ጠዋት በረት ገብተው እንደ ወትሯቸው ላሞቹን በየስማቸው ሲጠሩ፣ ሦስተኛዋ ላይ ቆም አሉና «አንቺ፣ ይቺ የማን ልጅ ነበረች?» ብለው ጠየቁኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እኔን ሲያስተምሩ የኖሩትን እኔን መጠየቃቸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ትናንት ድረስ አንዲትም ላም በስሟ አልጠሩም። ክቡር ሆይ፣ በሌላው ሁሉ እቀልዳለሁ፤ በዚህ ግን አልቀልድም። ተናድጃለሁ።

2ኛ. ኮርማችን ከተኮላሸ በኋላ ይሰጣችኋል ስለተባለው የተሻሻለ ዘር። ስለ ቸርነትዎ አመሰግናለሁ። ባለፈው ዓመት ሁለት ላሞቻችን ኮርማ ሲፈልጉ፣ በማዕከሉ ምክር መሠረት ለማዕከሉ ደውለን ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ መኪና አልነበረም፤ በሁለተኛው መኪናው መጣ፣ ነገር ግን ዘሩን የሚያቀዘቅዘው ጋዝ አልቆ ነበር። በሦስተኛው ቀን ይመጣል ተባልን። ላም ደግሞ ቀጠሮ አታራዝምም። ጎረቤታችን አናጺው ዕድል ቀንቶት ከተሻሻለው ዘር አንዲት ጥጃ አግኝቷል፤ መልከ መልካም ናት፤ ፀሐይ ሲበረታ ግን ስለምትታመም ለልጆቹ የገዛውን ማራገቢያ በረት ውስጥ ተክሎላታል። ልጆቹ በካርቶን ያራግባሉ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት የማዕከልዎን ዕቅድ ያነበበ ሰው የተረተው ይመስላል።

የዳለቻው ጥጆች ግን ገለባ በልተው፣ ከሩቅ ወንዝ ጠጥተው ያድጋሉ። ዘንድሮ በመንደራችን አሥራ አንድ ላሞች የሚጠብቁት እርሱን ነው። ሌላ ኮርማ የለም፤ ሌሎቹን በሁለት ዓመት ውስጥ እናንተው አኮላሽታችሁ ጨርሳችኋቸዋል። ስለ ፍጥነታችሁ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ፤ በዚያኛው በኩል መኪናም ጋዝም ጠፍቶባችሁ አያውቅም።

3ኛ. ስለ ደም አወሳሰዱ። ደም ሊወስዱ የመጡት ባለሙያ ትሑት ሰው ናቸው። አዲስ ነጭ ጋዋን ለብሰው፣ ከዳለቻው አሥር እርምጃ ርቀው ቆመው «ይሄ ይዋጋል እንዴ?» ብለው አማቴን ጠየቁ። አማቴም «ለማያውቀው ሰው አዎ» ብለው እውነቱን ነገሯቸው። ባለሙያውም ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ እናንተ ሥራችሁን ሥሩ፣ እኔ እጨርሳለሁ ብለው አሰናበቱን። እኔ ወተት ላደርስ ሄድኩ፤ አማቴም ጥጃ ሊያጠቡ በረት ገቡ። ስመለስ ደሙ በብልቃጥ ገብቶ፣ ቅጹ ተሞልቶ፣ ጋዋኑም እንደነጣ ነበር። የጆሮ ቁጥሩን ሌላ ቀን እናደርግለታለን ብለው ሄዱ፤ ያ ሌላ ቀን እስከ ዛሬ አልመጣም። የእንስሳት ሐኪማችን ዳለቻውን መርፌ የሚወጋው አራት ሰው ጠፍንጎ ይዞለት ስለሆነ፣ የባለሙያዎ ቅልጥፍና አስደንቆኛል። በዚያ ሰዓት ከባለሙያው ጋር ደጅ የቀሩት ዳለቻውና ሟች ባለቤቴ ከገበያ የገዛው የዋህ የእርሻ በሬያችን ብቻ ስለነበሩ ግን ምስክር የለኝም።

4ኛ. አራተኛውን ቅሬታ አማቴ ናቸው ትናንት በቃላቸው ያስጻፉኝ፤ በግልጽ ደብዳቤ የሚወጣ ሆኖ ስላላገኘሁት ትቼዋለሁ።

እንግዲህ እኔም በተራዬ ውሳኔዬን ላሳውቅዎ። ረቡዕ ጠዋት የግቢያችን በር ይቆለፋል፤ ቁልፉም ከእኔ ጋር ይሆናል። ለባለሙያዎችዎ ከበሩ ውጭ፣ ጥላው ሥር፣ ወንበር ይቀርብላቸዋል፣ ቀዝቃዛ ውኃም ይሰጣቸዋል፤ እንግዳ አላዋርድም። ኮርማውን ግን አልሰጥም። ፖሊስ ይዛችሁ ብትመጡ አልሰጥም፤ በማኅተም ላይ ማኅተም ብትደርቡ አልሰጥም። የአሥራ አንዱም ላሞች ባለቤቶች በሩ ላይ አብረውኝ ይቆማሉ፤ ወንበሮቹን ያዋጣው አናጺው ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከማዕከሉ አንድ ሰው፣ እርስዎ ራስዎ ቢሆኑ ደስ ይለኛል፣ መጥቶ በአማቴ ፊት ይቁምና «የተሳሳትነው እኛ ነን» ይበላቸው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢናገር መልካም ነው፤ ጆሯቸው ትንሽ ደክሟል እንጂ ሌላው ሁሉ ደኅና ነው።

ለማዕከልዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማቀዝቀዣዎችዎ የማይቋረጥ መብራት፣ ለባለሙያዎ ደግሞ ጥቂት ድፍረት እየተመኘሁ፣ ቁጥር ባይለጠፍብኝም መኖሬን እንደሚያምኑልኝ ተስፋ የማደርግ፣

አክባሪዎ፣
ሰባት ትውልድ የሚቆጥሩት ሴት ምራት፣ የዳለቻው ኮርማ ጠባቂ

ማስታወሻ፦ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ቀረችኝ። ከደብዳቤዎ ጋር የተያያዘውን፣ ባለሙያዎ በእጃቸው የሞሉትን ቅጽ ትናንት ገለጥ አድርጌ አነበብኩት። «ቁጥር 17። ቀለም፦ ቀይ። ቀንድ፦ ግራው የተሰበረ» ይላል። የዳለቻው ሁለቱም ቀንዶች ሙሉ ናቸው፤ ቀይ ሆኖም አያውቅም። ቀዩ፣ ግራ ቀንዱ የተሰበረው፣ የእርሻ በሬያችን ነው። ከላማችን ጋር ዝምድና የለውም ማለታችሁም ፍጹም ትክክል ነው፤ ከገበያ የተገዛ ነውና። መሣሪያዎቻችሁ አልዋሹም፤ አማቴም አልዋሹም። ይህን ሳነብላቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ከዚያም ተነሥተው በረት ገቡና አምስቱንም ላሞች በየስማቸው፣ በየእናታቸውና በየአያታቸው ጠሯቸው።

ቁጥር 17ን ማኮላሸት ግድ ከሆነ ግን ባለሙያዎችዎን ረቡዕ አያድክሟቸው። ባለቤቴ ከስድስት ዓመት በፊት አስኮላሽቶታል፤ ደም የወሰዱት ሰውዎ አንድ ጊዜ ወደ በሬው ኋላ ዞር ብለው ቢያዩ ኖሮ ይህ ሁሉ ወረቀት ባልባከነ ነበር። ውሳኔዎ ከመወሰኑ በፊት ተፈጽሟልና መዝገቡን ይዝጉልን።