ለሁለት ኮከብ ሽማግሌ ላኩብኝ

ቅዳሜ

ለቅሶ ቤት ሳቅሁ። ይኸው ተናገርሁት፤ እንግዲህ የፈለጋችሁትን በሉኝ። ድንኳን ውስጥ፣ ከአልቃሾች መሐል፣ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ኮሚክ ሳነብ ነው ያመለጠኝ። ወደ ሳል ላዞረው ሞከርሁ። ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ዘወር ብለው «ውኃ ስጧት» አሉ። ጠጣሁ። ሃምሳን ያለፍሁ ሴት።

ጥፋቱ የሰይድ ነው። ሰይድ የወገል ጤና ልጅ ነው፤ እዚህ ላሊበላ የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለው፤ አዲስ የወጣ ኮሚክ ከደሴ በአውቶቡስ የሚያስመጣልን እሱ ነው። ለቅሶ ልደርስ ሳልፍ ጠርቶ የበረከት መጽሐፍ ገባ አለኝ። በረከት የጎረቤቴ የየሺ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ሥዕል ተምሮ የመጀመሪያ ኮሚኩን አሳተመ። ታዲያ እስከ ማታ እንዴት ልታገሥ? ነጠላዬ ሥር ሸጉጬው ገባሁ።

ያሳቀችኝ ራሷ የሺ ናት። ልጁ ስሏታል። አገጯ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር፣ አረንጓዴው ሻሽ ሳይቀር። አፏ ግን ግጥም ብሎ ተዘግቷል። የሺን የሚያውቅ ሰው ይህን አይቶ ካልሳቀ ታሟል ማለት ነው። እሷ ውኃ ወረፋ ላይ ቆማ ስታወራ ተራራው አናት ላይ አሸተን ማርያም ያሉ መነኮሳት ይሰሟታል።

ክፋቱ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። መጽሐፉን አየች፣ መሳቄንም አየች፤ ደስ ብሏት ጉልበቴን ጨበጥ አደረገችና ወደድሽው አይደል አለችኝ በሹክሹክታ። እጅግ አልኋት።

ከቤቴ ገብቼ ጨረስሁት። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወረወርሁት።

ምክንያቱን ልጻፈው። በዚያ ክፉ ጊዜ ከከተማ ስንወጣ እኔ፣ የሺና በረከት በአንድ መኪና ነበርን። መንገዱ ላይ ገመድ ተዘርግቷል፤ መሣሪያ የያዙ ሰዎች አስቆሙን፤ ወጣት ወንድ ይውረድ ተባለ። በረከት ወረደ። ድምፁ ጠፍቶ ነበር። አልፈርድበትም፣ የእኔም ጠፍቶ ነበር። የሺ ግን ዘላ ወርዳ ገመዱን በእጇ ያዘችና «እናንተም እናት ቤት ትታችሁ ነው የመጣችሁት። እሷ ዛሬ ማን ፊት ቆማ እየለመነች እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አለቻቸው። ከመካከላቸው አንዱ ፊቱን አዞረ። ገመዱ ወረደ። በረከት ዛሬ በሕይወት ያለው በዚያ አፍ ነው።

መጽሐፉ ውስጥ ገመዱ አለ። ቃሉም አለ፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድል። ቃሉ የተጻፈበት የንግግር አረፋ የወጣው ግን ከበረከት አፍ ነው። እናቱ ከኋላ ነጠላዋን ነክሳ ቆማለች።

እሑድ

የኮሚክ አንባቢዎች ማኅበራችን እሑድ ከሰዓት በኋላ በሰይድ ሱቅ ይሰበሰባል። የጽዋ ማኅበር አይደለም፤ ሕጉን ግን ከዚያው ነው የቀዳነው። ሰብሳቢው ሙሴ ይባላል (ሰይድ ነው፤ ሙሳ ብትሉኝ ምናለ ይላል)። የቀረ ይቀጣል። ያላነበበ ነጥብ አይሰጥም። ሁሉም ከአምስት ኮከብ የፈቀደውን ወረቀት ላይ ጽፎ፣ አጥፎ ይጥላል፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ነው።

ሂሩት፣ ፋርማሲ የምትሠራዋ፣ ተራራውን አመሰገነች። እውነቷን ነው፣ የላስታ ገደል ጧት ጧት የሚለብሰውን ጉም እንዲህ የሳለ የለም። እጅ መሳል ግን አይችልም አለች፤ የሰዉን ሁሉ እጅ ኪስ ውስጥ ከቶታል፣ ቄሱን ጭምር። ሳቅን። ሰይድ ደግሞ ታሪኩ ላይ ወረደበት። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ልጅ አይሳሳትም፣ አይፈራም፣ አይርበውም፤ ወላሂ እንዲህ ያለ ፍጡር ደላንታ ውስጥ አይቼ አላውቅም አለ። ከዚያ ሂሩት መጽሐፉን ከፍታ እናትየዋ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይቺ ሴት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል የላትም። ሰው ሳትሆን በር ናት።»

እኔ የገመዱን ነገር አላወጣሁም። የየሺ ነገር ነው፤ መጀመሪያ መስማት ያለባት እሷ ናት፣ ያውም ከእኔ አፍ እንጂ ከቴሌግራም አይደለም።

ነጥቡ ተደመረ፣ ለሰዉ ቁጥር ተካፈለ። ሁለት ኮከብ። አስተያየቱን እንደ ልማዴ እኔ ጻፍሁት፤ ሰይድ ቻናላችን ላይ ለጠፈው። ስመለስ የየሺ በር ክፍት ነበር። ልገባ ብዬ አለፍሁ።

ሰኞ

ኔትወርክ ከሰዓት መጣ። ባልመጣ።

ከጽሑፌ ሥር የሰፈረው ይኸ ነው፦ ምቀኛ። የላስታ ሰው የላስታን ልጅ ካልበላ አያድርም። አሮጊት ከኮሚክ ምን አላት፣ ዳዊቷን አትደግምም? ወልዳ ስላላየች ነው። (ይቺኛዋ ገብታኛለች። ማን እንደጻፋትም አውቃለሁ፤ ልጁን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ።)

ከዚያ ሁሉ መሐል ስለ መጽሐፉ የተናገረ አንድ ሰው የለም። አንድ። አላነበቡትማ! ገጹ ተሰፍቶ ይሁን ተጣብቆ አያውቁም፣ ለእሱ ግን ደም ሊያፈስሱ ተነሥተዋል።

በረከት ራሱ ጻፈ። ጥበብ እዚያ ለቀሩ ሰዎች አይገባቸውም አለ። እዚያ ለቀሩ። የመጀመሪያ እርሳሱን የቀረጽሁለት፣ ግድግዳዬን በከሰል ሲያበላሽ ተዉት፣ ሠዓሊ ይወጣዋል ብዬ የተከራከርሁለት እኔ እዚያ የቀረሁ ሆንሁ።

መልስ ጻፍሁ፣ ደመሰስሁ። እንደገና ጻፍሁ፣ ደመሰስሁ። ጎመን ቆረጥሁ። ጎመኑ እንደ በርበሬ ደቀቀ።

ረቡዕ፣ ማርያም

የሺ ቤተ ክርስቲያን አየችኝና ቦታ ለወጠች። ሁልጊዜ ጎን ለጎን ነው የምንቆመው፤ ዛሬ አምዱን ዞራ ሄዳ ከማላውቃት ሴት አጠገብ ቆመች። መሳለሚያው ላይ ብጠብቃት በሌላው በር ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሰው እጅ ወንፊቴን ላከችልኝ። ያን ወንፊት መቼ እንዳዋስኋት እንኳ አላስታውስም፤ የእሷ ነው የሚመስለኝ። ታጥቧል። ተጠርጓል። እንዲህ ያለ ስድብ በአፍ አይሰደብም።

ተናደድሁ። በእሷ አይደለም። እሺ፣ በእሷም። ልጅሽ አፍሽን ቀምቶሽ እኔ ላይ ነው የምታኮርፊው? ግን አታውቅማ። እንዳታውቅ ያደረግሁትም እኔ።

ሐሙስ

ብታምኑም ባታምኑም ሽማግሌ ተላከብኝ።

ሦስት ሆነው መጡ፦ የንስሐ አባቴ መምሬ አያሌው፣ የሰይድ አጎት ሀጂ ሙሄ፣ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ሞላ። በሬ ላይ ተደርድረው ቆሙ። ግቡ ብላቸው ገቡ፤ ተቀመጡ ብላቸው ግን እሺ ሳትዪን አንቀመጥም አሉ። ልጅ ሊያጩ የመጡ ነው የሚመስሉት። በረከት ከአዲስ አበባ ስልክ ደውሎ ለምኗቸዋል። አስቡት፤ መልስ መጻፍ የሚችል ልጅ፣ ቴሌግራም ላይ ጥበብ አይገባቸውም ያለ ልጅ፣ ለኮከብ ሽማግሌ ላከ።

ጋሽ ሞላ ጀመሩ። ልጁ የአገር ልጅ ነው፣ ገና ጀማሪ ነው፣ አራት አድርጊለት። አይሆንም፣ ኮከቡ የእኔ ብቻ አይደለም፣ የማኅበሩ ነው አልሁ። መምሬ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። በዚህ ጊዜ ነው ደሜ የፈላው፤ ቢሆንም ተሳለምሁ፣ ምን ላድርግ። ሀጂ ሙሄ በርጋታ ወደ ነገሩ ገቡ።

«ልጄ፣ አንቺ ሁለት አልሽ፣ እሱ አራት አለ። ሽማግሌ መሐል ይቆርጣል። በሦስት ይለቅ።»

«ሀጂ፣ የድንበር መሬት እኮ አይደለም።»

«ከድንበርማ ይቀላል። ወሰን የሚገፋ የለ፣ የሚተከል ድንጋይ የለ። አንዲት ኮከብ ናት።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ንዴቴ ያዘው። መጽሐፉን አንብባችሁታል ወይ አልኋቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጋሽ ሞላ ሽፋኑን አይቼዋለሁ አሉ፣ ያማረ ነው።

መምሬ ግን ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ሌሎቹን አንዴ ፈቀቅ በሉልን አሉና ምኑ ነው እንዲህ ያነደደሽ ብለው ጠየቁኝ። ለእርስዎ አልነግርዎትም አልሁ፤ የሰው ነገር ነው፣ ባለቤቷ ሳትሰማ አይወራም። ባለቤቷ ማን እንደሆነች ገባቸው መሰለኝ።

«እንግዲያ እኛን ምን ታቆሚናለሽ? ሂጂና ለእሷ ንገሪያት። ከዚያ በኋላ ኮከቡን እንደፈለግሽ አድርጊው።»

እስከ እሑድ ቀጠሮ ተሰጠኝ። ከዚያ ተቀመጡ። ያለኝን ጠላ ጨረሱት፤ ሀጂ ብቻ ሻይ።

ዓርብ፣ ጊዮርጊስ

ሄድሁ።

የሺ በሩን ከፍታ አልገባችም፣ አልወጣችም፤ መሐል ላይ ቆመች። ልትሰድቢኝ ነው ወይስ ልትታረቂኝ አለች። ላነብልሽ ነው አልሁ። ማንበብ እኔም እችላለሁ አለች፣ እውነቷን ነው፤ የሰፈሩን የመብራት ደረሰኝ ሁሉ የምታነበው እሷ ናት። እና መጽሐፉን አንብበሽዋል ወይ ስላት ወደ ሣጥኑ አየች። ሣጥኑ ላይ፣ ከሠርግ ፎቶዋ አጠገብ፣ እንደታሸገ ተቀምጧል። እንዳይቆሽሽ ብላ ላስቲኩን አልፈታችውም።

ፈታነው።

ራሷን ስታገኝ እንደ ልጅ ሆነች። ጠባሳዬን አየሽ? ሻሼን አየሽ? ጣቷን በራሷ ፊት ላይ ታስኬዳለች። ምነው ባልነግራት አልሁ በሆዴ፤ ይቺን ደስታ ይዛ ብትቀር ምን ይጎድላል? መጽሐፉን ልዘጋው እጄን ዘረጋሁ። እሷ ገልጣ አለፈች። ገለጠች፣ ገለጠች። እየቆየ ጣቷ ዘገመ።

«መቼ ነው የምናገረው?»

ገመዱ ጋ ደረሰች። አነበበችው። መልሳ አነበበችው፣ ድምፅ አውጥታ፣ ያን ቀን እንዳለችው አድርጋ። እናንተም እናት ቤት ትታችሁ ነው የመጣችሁት። ስትጨርስ ዓይኗን ወደ በረከት ሥዕል፣ ወደ ተከፈተው አፉ አዞረች።

«ይሄ እኮ የእኔ ነው።»

«አዎ።»

«አንቺም ነበርሽ።»

«ነበርሁ የሺ።»

እሪ ትላለች ብዬ ነበር። አላለችም። ቢጠይቀኝ እሰጠው ነበር አለች፣ በጣም ቀስ ብላ፤ ያልሰጠሁት ነገር አለ ወይ። ስወጣ እስከ በሬ ሸኘችኝ፤ ታርቀን ይሁን ሳንታረቅ ግን አላውቅም።

ቅዳሜ

በረከት ዛሬ ጧት ከአዲስ አበባ ተነሥቷል። ትናንት ማታ የሺ ደውላ «ና» ብቻ ነው ያለችው። ምን ሆንሽ ቢላት ስትመጣ እናገራለሁ ብላ ዘጋች። ልጁ ሰው የሞተ መስሎት ለሰይድ ደወለ፣ ሰይድ ደግሞ ለእኔ። አብሽር፣ ሁሉም ደኅና ነው በለው አልሁት። ይህን ስል ራሴን አላመንሁትም።

ነገ ማኅበራችን ላይ ሁለቱም ይመጣሉ። የሺ ራሷ ናት የጠየቀችው፤ አንብቤዋለሁ፣ ነጥብ መስጠት መብቴ ነው አለች ለሙሴያችን። መምሬም ልምጣ ብለዋል፤ ከዚያ በፊት ግን እንዲያነቡት መጽሐፉን ላክሁላቸው።

ንዴቴ አልበረደም። ስለ ኮከቡ ግን ግድ የለኝም አሁን። ልጁ ቢያፍር ይበቃኝ ይሆን? ሁለተኛ እትም ሲወጣ አረፋውን አንሥቶ እናቱ አፍ ላይ ቢመልሰው? ወይስ እናት ናትና ፊቱን ስታይ ሁሉንም ትታ አምስት ትሰጠው ይሆን? ብትሰጠው እኔ ምን አገባኝ፣ ግን እናደዳለሁ።

ከገበያ ስመለስ የሳምንቱን ማስታወሻ ለምጽፍለት መጽሔት ልላከው ወይ፣ ስምሽን ልቀይረው ወይ ብዬ የሺን ጠየቅኋት። ደጇ ላይ ሽንኩርት እየመረጠች ነበር። አትቀይሪው አለች፤ እንዳለሁት ጻፊው።

ከትናንት ወዲህ ከእሷ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይኸ ነው። ውኃ ወረፋው እንኳ ጸጥ ብሏል፤ ሰዉ ታመመች ወይ እያለ ይጠይቀኛል። እኔም ፈርቻለሁ። ነገ ግን ትናገራለች፣ እኔም አጠገቧ እቀመጣለሁ። ያለችውን ቃል በቃል፣ በራሷ ስም ጽፌ አመጣላችኋለሁ።