ለጉበቴ የታዘዘው መድኃኒት ጨጓራዬን ስለ መጎብኘቱ

ለተከበሩ የጤና ተቋማችን ኃላፊ (ስምዎን ለክብርዎ ስል ትቼዋለሁ)
ጋምቤላ

ክቡርነትዎ ሁልጊዜ ጤነኛ ሆነው እንዲኖሩ ከልብ እመኛለሁ፤ ቢታመሙ የሚመረምርዎት የራስዎ ተቋም ነውና ምኞቴ የምር ነው።

እኔ ረታ እባላለሁ፤ በሰፈራ መጥቼ እስከ ዛሬ በቆሎ የማመርት ገበሬ ነኝ። በዘንድሮው የማታ ትምህርት ከክፍሌ አንደኛ ስለወጣሁ፣ ይህን ማን ጻፈለት ብለው እንዳይደክሙ።

የአንጀቴ ካንሰር ወደ ጉበቴ ስለተዛመተ፣ አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች በብሽሽቴ ቀጭን ቱቦ አስገብተው መድኃኒቱን በደም ሥር እስከ ጉበቴ አደረሱልኝ። ዶክተር ቤርሳቤ ስትሸኘኝ፣ መድኃኒቱ አንዳንዴ ወደ ጨጓራ አፈትልኮ እንደሚያቆስል፣ ካቃጠለኝ ወይም ሰገራዬ ከጠቆረ ሁለተኛው ዙር ከመሰጠቱ በፊት ጨጓራዬ በካሜራ መታየት እንዳለበት አስጠንቅቃኝ ነበር። ሁለቱም ሲደርሱብኝ ወደ እናንተ መጣሁ። ምስጋናዬም የሚከተለው ነው።

1ኛ. ስለ ቱቦው ገና አፌን ስከፍት ጣቴን ወግተው ወባ ስለመረመሩኝ አመሰግናለሁ። ወባ አልተገኘም፤ ሆኖም ባለሙያዎ ጋምቤላ ውስጥ ከወባ ሌላ በሽታ የሚታመም ሰው የለም ብለው ክኒኑን ሰጡኝ። ቃጠሎዬ አደገ።

2ኛ. ተመልሼ ስመጣ በርበሬ እንድተው ተመከርኩ። ባለቤቴ እታገኝ ግን፣ በርበሬ በብሽሽቱ የገባበት ሰው አይታ እንደማታውቅ ነግረሃቸው ና ብላ መልሳ ላከችኝ። ይኸው ነገርኩ።

3ኛ. ወደ አዲስ አበባ ሪፈር እንዲጻፍልኝ ብለምን፣ የወባውን ክኒን ሳልጨርስ እንደማይሆን በትሕትና ተነገረኝ። ወባ የሌለበት ሰው ክኒኑን ሲጨርስ ከምን እንደሚድን ለማወቅ እጅግ ጓጉቻለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ሁለተኛው ዙር ቀርቧል። ቁስሉ ሳይታይ ብወስደው ጨጓራዬ ይደማል፤ ብተወው ደግሞ ካንሰሩ አይጠብቀኝም። እኔ ደግሞ፣ ደፋር ቢያሰኘኝም፣ ገና መኖር አምሮኛል። የምለምነው ያንን ሪፈር ብቻ ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ከማያቋርጥ ቃር ጋር፣
ታዛዥዎ ረታ

ማስታወሻ፦ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ የወባ ምርመራ ወረፋ ካለበት ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ እናንተ ዘንድ እግሩ የተሰበረውም ሳይቀር በዚያ ስለሚያልፍ አንባቢ አላጣም። ሪፈሩ የተጻፈ ዕለት መጥቼ በገዛ እጄ እነቅለዋለሁ።